ፖድካስት ዛሬ፤ የድምፁ አድራሻ በማን እጅ ነው?

የሬድዮ መቀበያ በየቤቱ እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን ወደ ድምፁ የሚሄደው አድማጩ ነበር። ሰዓቱን ጠብቆ፣ ሥራውን አቋርጦ፣ ከጎረቤቱ ጋር ተሰብስቦ አንዱን መቀበያ ይከብ ነበር። ዝግጅቱ ካመለጠው አመለጠው፤ የሰማ ሰው ካልተረከለት በቀር ሁለተኛ አያገኘውም። ዛሬ ነገሩ ተገልብጦ ድምፁ ወደ አድማጩ ይሄዳል። በታክሲ ሰልፍ የቆመው ወጣት፣ በሰው አገር ወጥ ቤት የምትሠራው እኅት፣ ሌሊቱን በጥበቃ የሚያነጋው ሠራተኛ፣ ሁሉም በኪሱ ከያዘው ስልክ የወደደውን ዝግጅት በወደደው ሰዓት ይከፍታል፤ ሲያሻው ያቆማል፤ ሲያሻው ደግሞ ካቆመበት ይቀጥላል። ይህ አዲስ የሥርጭት ዘዴ ፖድካስት ይባላል።

ስለ ፖድካስት ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው የአድማጩ ብዛት፣ የማስታወቂያው ገቢና የታዋቂ ሰዎች ስም ነው። ከእነዚህ ሁሉ አስቀድሞ ሊነሣ የሚገባው ግን አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም አዘጋጁን ከአድማጩ ጋር የሚያገናኘው አድራሻ በማን እጅ ነው? የሚለው ነው። ሙያው ዛሬ የሚገኝበትን ሁኔታ፣ የአዘጋጆቹን ተስፋና ሥጋት፣ በተለይም በአማርኛ የሚሠራው ዝግጅት የሚጠብቀውን ዕድል ለመመዘን የዚህን ጥያቄ መልስ ማወቅ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

አመጣጡና አሠራሩ

የፖድካስት መሠረት የተጣለው በ2000 መጨረሻ ነው። አሜሪካዊው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሠሪ ዴቭ ዋይነር፣ በቴሌቪዥን አቅራቢነቱ ይታወቅ የነበረው አዳም ከሪ ያነሣለትን ሐሳብ ተቀብሎ፣ አር ኤስ ኤስ በሚባለው የኢንተርኔት ጽሑፍ ማሠራጫ ዘዴ ውስጥ የድምፅ ፋይል አድራሻ የሚሰፍርበትን ቦታ ጨመረ። በ2003 የሬድዮ ጋዜጠኛው ክሪስቶፈር ላይደን ቃለ ምልልሶቹን በዚሁ መንገድ ማሠራጨት ጀመረ። በፌብሩዋሪ 2004 ቤን ሐመርስሊ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በጋርዲያን ጋዜጣ ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ አይፖድ ከተባለው ማጫወቻና ሥርጭት የሚል ትርጉም ካለው የእንግሊዝኛ ቃል ገጣጥሞ ለነገሩ ስም አወጣለት። በዚያው ዓመት ኦገስት አዳም ከሪ የራሱን ዝግጅት ጀመረ። በጁን 2005 አፕል ኩባንያ አይቲዩንስ በተባለው ፕሮግራሙ ውስጥ ለፖድካስት ቦታ ሰጠው፤ ዓመቱ ሳይወጣም ኒው ኦክስፎርድ አሜሪካን የተባለው መዝገበ ቃላት ፖድካስትን የዓመቱ ቃል ብሎ መረጠው።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ ኀይሉም ከቀላልነቱ የመነጨ ነው። አዘጋጁ ድምፁን ቀርጾ በተከራየው ሰርቨር ላይ ያስቀምጣል። ቀጥሎም የዝግጅቱን ርእስ፣ የወጣበትን ቀን፣ አጭር መግለጫና ድምፁ የሚገኝበትን አድራሻ የያዘ አንድ የጽሑፍ መዝገብ ያወጣል። በአድማጩ ስልክ ላይ ያለው ማጫወቻ ይህን መዝገብ በየጊዜው እየጎበኘ፣ አዲስ ዝግጅት ሲያገኝ ያወርድለታል። መዝገቡ ለሁሉም ክፍት በመሆኑ ማንኛውም ማጫወቻ ሊያነበው ይችላል፤ በመካከል ቆሞ ፈቃድ የሚሰጥ ወይም የሚነሣ ኩባንያ የለም። አንዱ ማጫወቻ ቢዘጋ አድማጩ ያንኑ መዝገብ በሌላው ይከፍታል። አዘጋጁም ሰርቨሩን መለወጥ ቢፈልግ በቀድሞው አድራሻ ላይ የማስተላለፊያ ምልክት ትቶ አድማጮቹን እንደያዘ ወደ ሌላው ይሻገራል። በመገናኛ ብዙኃን ታሪክ ውስጥ ማሠራጫ ጣቢያ ሳይተክል፣ ማተሚያ ቤት ሳይኖረው፣ ከሕዝብ ጋር እንዲህ በቀጥታ የተገናኘ ባለሙያ ማግኘት ያዳግታል።

የገንዘቡ ዘመን

ፖድካስት ለዓሥር ዓመታት ያህል የጥቂት ወዳጆች ሥራ ሆኖ ከቆየ በኋላ በኦክቶበር 2014 ታላቅ ለውጥ መጣ። ጋዜጠኛዋ ሣራ ኬኒግ በ1999 በባልቲሞር ከተማ የተፈጸመን የነፍስ ግድያ ጉዳይ እንደገና እየመረመረች በየሳምንቱ ያቀረበችው ሲሪያል የተሰኘው ዝግጅት፣ አንድን ጉዳይ በተከታታይ በጥሞና የሚያዳምጥ እጅግ ብዙ ሕዝብ መኖሩን አረጋገጠ። በ2020 የፑሊትዘር ሽልማት ሰጪዎች በድምፅ ለሚቀርብ ጋዜጠኝነት የተለየ ዘርፍ ከፈቱ። ሙያው ክብር አገኘ፤ ክብሩን ተከትሎም ገንዘቡ ገባ።

በፌብሩዋሪ 2019 የሙዚቃ አቅራቢው ስፖቲፋይ ጊምሌት የተባለውን የዝግጅት ድርጅትና አንከር የተባለውን የፖድካስት መሥሪያ ገዛ። በሜይ 2020 ደግሞ ከታዋቂው ጆ ሮጋን ጋር ዝግጅቱ በስፖቲፋይ ብቻ እንዲሰማ የሚያደርግ ውል መፈራረሙ ተገለጠ። የዚህ ውል ትርጉም ልብ ሊባል ይገባዋል። ለሁሉም ክፍት የነበረው መዝገብ ተዘጋ ማለት ነው፤ አድማጩ ዝግጅቱን ለመከተል ወደ አንድ ኩባንያ ግቢ መግባት ግድ ሆነበት ማለት ነው።

ይሁን እንጂ የታሰበው ትርፍ እንደታሰበው አልመጣም። በጁን 2023 ኩባንያው በፖድካስት ክፍሉ ከነበሩት ሠራተኞች 200 ያህሉን አሰናበተ፤ በዲሴምበር ደግሞ ከመላው ሠራተኛው 17 በመቶ የሚሆነውን እንደሚቀንስ አስታወቀ። በዚያው ወር እንዲቋረጡ ከተወሰነባቸው ዝግጅቶች አንዱ ስቶለን የተሰኘው ነበር። ጋዜጠኛዋ ካኒ ዎከር በካናዳ ነባር ሕዝቦች ልጆች ላይ በአዳሪ ትምህርት ቤት የደረሰውን በደል የመረመረችበት ይህ ሥራ በዚያው በ2023 የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቶ ነበር። እንግዲህ የሙያው ታላቅ ሽልማት እንኳ አንድን ዝግጅት ከሒሳብ መዝገብ ፍርድ ሊያድነው አለመቻሉ ታየ። በፌብሩዋሪ 2024 ከሮጋን ጋር የተደረገው አዲስ ውል ዝግጅቱ በሌሎችም ማጫወቻዎች እንዲሰማ ስለ ፈቀደ፣ በብዙ ገንዘብ የታጠረው አጥር በባለቤቱ እጅ ተመልሶ ፈረሰ።

በዚሁ ጊዜ ውስጥ ሁለት ታዋቂ ማጫወቻዎች ተዘግተዋል። ስቲቸር በኦገስት 2023 አገልግሎቱን አቆመ፤ ጉግል ፖድካስትስ ደግሞ በ2024 አጋማሽ ላይ ጨርሶ ተዘጋ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። በእነዚህ ማጫወቻዎች ይደመጡ የነበሩት ክፍት መዝገብ ያላቸው ዝግጅቶች አልጠፉም፤ አድማጩ የመዝገቦቹን ዝርዝር ይዞ ወደ ሌላ ማጫወቻ ተዛወረ። ማጫወቻው ሲሞት ዝግጅቱ የተረፈው አድራሻው የማጫወቻው ንብረት ስላልነበረ ነው።

ምስሉ ድምፁን ሲቀድም

ዛሬ የሙያው መልክ እንደገና እየተለወጠ ነው። በኤዲሰን ሪሰርች ጥናት መሠረት ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት በላይ ከሆነ አሜሪካውያን መካከል በወር ውስጥ ፖድካስት የተከታተሉት በ2024 ከመቶ 47 ነበሩ፤ በ2025 ከመቶ 55 ደረሱ። በዩናይትድ ስቴትስ የፖድካስት ማስታወቂያ ገቢ በ2024 ከ2.4 ቢልዮን ዶላር በላይ ሆኗል። በፌብሩዋሪ 2025 ዩቲዩብ በየወሩ ፖድካስት የሚከታተሉበት ሰዎች ከአንድ ቢልዮን ማለፋቸውን አስታወቀ። በጃኑዋሪ 2026 የጎልደን ግሎብ ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ፖድካስትን ከፊልምና ከቴሌቪዥን ጎን አቆመው። ስለዚህ ሙያው ከስሟል ማለት አይቻልም። ጥያቄው እየለመለመ ያለው የትኛው ቅርንጫፍ ነው የሚለው ነው።

የለመለመው በካሜራ ፊት የሚደረገው ጭውውት ነው። ምክንያቱም ሩቅ አይደለም። አንድን ጉዳይ መርምሮ በድምፅ ለመተረክ ዘጋቢ፣ አርታኢ፣ የድምፅ ባለሙያና የሕግ አማካሪ ለወራት መድከም አለባቸው፤ ፍሬውም ስድስት ወይም ስምንት ክፍል ቢሆን ነው። ሁለት ሰዎች በሁለት ማይክሮፎን ፊት ተቀምጠው የሚጨዋወቱት ዝግጅት ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃል፤ በሳምንቱም ይደገማል። ማስታወቂያ ሰጪው የሚከፍለው በተመልካች ቁጥር እንጂ በድካም መጠን ስላልሆነ፣ ገንዘቡ ወደ ሁለተኛው ማዘንበሉ አያስገርምም። በኦገስት 2025 አማዞን ወንደሪ የተባለውን የፖድካስት ድርጅቱን ሲበትን የተከተለው አከፋፈል ይህንኑ ያሳያል፤ የትረካ ዝግጅቶቹን ወደ ኦዲብል ሰደደ፤ በታወቁ አቅራቢዎች የሚመሩትን ጭውውቶች ደግሞ ለብቻቸው በአዲስ ክፍል አደራጀ።

ጭውውት በራሱ ነውር የለበትም፤ በደንብ የተዘጋጀ ጠያቂና ዐዋቂ እንግዳ ሲገናኙ ከብዙ መጻሕፍት የማይገኝ ቁም ነገር ይወጣል። ሥጋቱ ያለው ከሌላ ወገን ነው። በቪዲዮ መድረክ ላይ አድማጩን ወደ ዝግጅቱ የሚያደርሰው መዝገቡ አይደለም፤ ማንም ከውጭ የማያየው የመድረኩ የምርጫ ሥርዓት ነው። ትናንት ለአንድ መቶ ሺህ ሰው የቀረበ ዝግጅት ዛሬ ለአንድ ሺህ ብቻ ቢቀርብ፣ አዘጋጁ ምክንያቱን የሚጠይቅበት በር የለውም። ስለዚህም ርእሱን ያጋንናል፤ በምስሉ ላይ የደነገጠ ፊት ይለጥፋል፤ እንግዳውን ለክርክር ያነሣሣል። ሙያው ቀስ በቀስ ለአድማጩ መሥራቱን ትቶ ለመራጩ መሣሪያ መሥራት ይጀምራል።

ክፍቱ መንገድም ቢሆን ከጉድለት የጸዳ አለመሆኑን መናገር ተገቢ ነው። ለብዙ ዓመታት የአድማጭ ቁጥር ተብሎ ለማስታወቂያ ሰጪ ሲቀርብ የኖረው የወረደው ፋይል ቁጥር ነው። በሴፕቴምበር 2023 አፕል ማጫወቻው ፋይል የሚያወርድበትን ደንብ ሲለውጥና ማዳመጡን ትቶ ለቆየ ሰው የተጠራቀሙትን ክፍሎች ሁሉ በራሱ ማውረዱን ሲያቆም፣ የብዙ አሠራጮች ቁጥር አሽቆለቆለ። የቀነሰው አድማጩ አልነበረም፤ ወርዶ ያልተደመጠው ድምፅ ከሒሳቡ ወጣ እንጂ። ይህ የእርማት ጊዜ ለሙያው መራራ ቢሆንም ጠቃሚ ነበር።

የአዘጋጆቹ ማኅበረሰብ

ከታላላቆቹ ኩባንያዎች ውል ውጭ፣ በመኝታ ቤታቸው ጥግ ብርድ ልብስ ግድግዳ ላይ ሰቅለው ማሚቶ እየቀነሱ የሚሠሩ ብዙ አዘጋጆች አሉ። የሙያው አጥንት እነርሱ ናቸው። አብዛኞቹ ሌላ መተዳደሪያ አላቸው፤ ፖድካስቱን የሚሠሩት ከሥራና ከቤተሰብ በተረፈ ሰዓት ነው። አንዱ በሌላው ዝግጅት ላይ በእንግድነት ይቀርባል፤ አንዱ የሌላውን ዝግጅት ለአድማጩ ያስተዋውቃል፤ ስለ ማይክሮፎን ምርጫና ስለ ድምፅ ማረም የሚያውቀውን ለጀማሪው ሳይሰስት ያካፍላል። ጀማሪው ደግሞ ከጥቂት ክፍሎች በኋላ ደክሞት ማቋረጡ የተለመደ ነው። የሚጥለውም ዘወትር የዕውቀት ማነስ አይደለም፤ ብቻውን መሥራቱና ድካሙ ምላሽ ማጣቱ ነው።

ይህን ብቸኝነት ለመስበር የተሞከሩ መንገዶች አሉ። በ2014 ሮማን ማርስና ፒ አር ኤክስ የተባለው የሕዝብ ሬድዮ ድርጅት ሬድዮቶፒያን ሲያቋቁሙ፣ አዘጋጆቹ የየዝግጅታቸው ባለቤት እንደ ሆኑ በማስተዋወቅና በገቢ ማሰባሰብ ረገድ የሚተባበሩበትን ሥርዓት ዘረጉ። በ2020 ደግሞ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነው አዳም ከሪ ከዴቭ ጆንስ ጋር ሆኖ ፖድካስት ኢንዴክስ የተባለውን ለሁሉም ክፍት የሆነ የዝግጅቶች ማውጫ አቋቋመ። በዚህ ዙሪያ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች በአሮጌው መዝገብ ላይ የንግግሩን ጽሑፍ፣ የምዕራፍ ክፍፍልንና የተሳታፊዎችን ስም የሚያሳዩ አዳዲስ ምልክቶች ጨመሩ። በማርች 2024 አፕል የንግግር ጽሑፍ ማሳየት ሲጀምር አዘጋጆች በመዝገባቸው ያያያዙትን ጽሑፍ እንዲቀበል አድርጎ ነው። የትንንሾቹ ኅብረት የፈጠረው ነገር በትልቁ ቤት ተቀባይነት አገኘ ማለት ነው።

የአማርኛው ድምፅ

የአማርኛ አድማጭ ለረዥም ድምፅ እንግዳ አይደለም። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬድዮ የተረከውን የሐዲስ ዓለማየሁን ፍቅር እስከ መቃብር ትውልድ ሰምቶታል፤ መጽሐፉን ያላነበበ ሁሉ በድምፅ ዐውቆታል። በሸገር ኤፍ ኤም መዓዛ ብሩ በየጨዋታ እንግዳ ዝግጅቷ የአንድን ሰው ሕይወት በተከታታይ ሳምንታት በትዕግሥት ስትጠይቅ፣ አድማጩም በዚያው ትዕግሥት ተከትሏታል። ፖድካስት የሚባለው ነገር በአማርኛ ሲመጣ የሰፈረው በባዶ መሬት ላይ አልነበረም።

ይሁን እንጂ ስሙ ሲመጣ አድራሻው አብሮ አልመጣም። ዛሬ በአማርኛ ፖድካስት ተብሎ የሚቀርበው አብዛኛው ዝግጅት በዩቲዩብ የሚታይ ቪዲዮ ወይም በቴሌግራም የሚተላለፍ ፋይል ነው። በአዲስ አበባ የሚሠራው አዘጋጅ በዋሺንግተን፣ በቴል አቪቭና በቤይሩት ያለውን አድማጭ የሚያገኘው በእነዚህ ቤቶች በኩል ነው። ቤቶቹ ሰፊዎች ናቸው፤ በነጻም ያስተናግዳሉ፤ ውለታቸው የሚካድ አይደለም። ነገር ግን መለያው በስሕተት ወይም በክስ የተዘጋ ዕለት የዓመታት ሥራ ከነአድማጩ አብሮ ይዘጋል። አበው በሰው ወርቅ አይደምቁ ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ጭምር ነው።

ከዚህም ሌላ የዋጋ ጉዳይ አለ። በ64 ኪሎ ቢት የተቀረጸ የአንድ ሰዓት ንግግር 29 ሜጋ ባይት ያህል ነው። ያው አንድ ሰዓት በሰከንድ 1 ሜጋ ቢት በሚፈስ መካከለኛ ቪዲዮ ሲቀርብ 450 ሜጋ ባይት ይሆናል፤ ከዐሥራ አምስት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። የኢንተርኔት ጥቅል በሜጋ ባይት እየገዛ ለሚያዳምጥ ሰው ይህ ልዩነት የመስማትና ያለመስማት ልዩነት ነው። ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ሲነጋገሩ ለማሳየት ሲባል ያን ሁሉ ማስከፈል፣ አድማጩ ከሚያገኘው ጥቅም ጋር ሲመዛዘን የሚያዋጣ አይደለም። በ2020 በትግራይ፣ በ2023 በአማራ ክልል እንደ ታየው ኢንተርኔት በሚቋረጥበት ጊዜ ደግሞ አስቀድሞ የወረደ የድምፅ ፋይል ከስልክ ወደ ስልክ፣ በሚሞሪ ካርድም ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ በመድረኩ ላይ ብቻ የሚታይ ምስል ግን ከመስመሩ ጋር ይጠፋል።

ሦስተኛው ጉዳይ የቋንቋው ነው። አፕል በ2024 ድምፅን በራሱ ወደ ጽሑፍ የመለወጥ አገልግሎት ሲጀምር የቀረቡት ቋንቋዎች እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ጀርመንኛና ስፓንኛ ነበሩ። በእነዚህ ቋንቋዎች የተነገረ ቃል ተፈልጎ ይገኛል። በአማርኛ የተነገረው ግን አዘጋጁ ራሱ በጽሑፍ ካላሰፈረው በቀር ርእሱ ላይ ከተጻፉት ጥቂት ቃላት በስተቀር ለፈላጊ አይገለጥም። የአንድ አዛውንት የሦስት ሰዓት ምስክርነት፣ ርእሱ አስደንጋጭ ዐረፍተ ነገር ብቻ ከሆነ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚመጣው ታሪክ ጸሐፊ አያገኘውም።

ምን ይደረግ?

ከዩቲዩብ ወይም ከቴሌግራም ውጡ ማለት ገበያ አትውጡ እንደ ማለት ነው፤ ማንም አይሰማውም፤ ሊሰማውም አይገባም። አድማጩ ባለበት መገኘት ግድ ነው። ክፍት መዝገብ በአማርኛ ማን ይከፍተዋል? የሚል ጥያቄ ቢነሣም መልስ አለው፤ መዝገቡ ዛሬ ጥቂት አድማጭ ቢያመጣም ነገ ለሚመጣው ለውጥ ሁሉ ማረፊያ ነው። በገበያ የሚሸጥ ገበሬ ማሳው የራሱ እንዲሆን እንደሚፈልግ ሁሉ፣ አዘጋጁም በየመድረኩ እየዞረ ሲያቀርብ መነሻው የራሱ ሊሆን ይገባል።

ለዚህም አራት ነገሮች ከማንኛውም አዘጋጅ ዐቅም በላይ አይደሉም። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ዝግጅት በባለቤቱ ስም የተያዘ ክፍት መዝገብ ይኑረው፤ የድምፅ ቅጂውም ከምስሉ ተለይቶ ይውጣ። ሁለተኛ፣ ያልታረመው ቅጂና የተጠናቀቀው ዝግጅት በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይቀመጥ፤ በአንድ ዲስክ ብቻ ያለ ነገር እንደሌለ ይቈጠር። ሦስተኛ፣ የእንግዳው ሙሉ ስም፣ ቀረጻው የተደረገበት ቀንና ቦታ፣ የተነሡት ዋና ዋና ነጥቦች ከየዝግጅቱ ጋር በአማርኛ ይጻፉ። አራተኛ፣ ከስፖንሰርም ሆነ ከአሠራጭ ጋር ውል ሲደረግ የቅጂው ባለቤትነትና ውሉ ሲያልቅ መዝገቡ ለማን እንደሚቀር በግልጽ ይስፈር።

ከማኅበር የሚጠበቀው ደግሞ ግለሰብ ብቻውን የማይወጣው ነው። ቃል በቃል ተጽፎ የሚነበብ የውል ናሙና ማዘጋጀት፣ ተከፍሎበት የሚነገርን ማስታወቂያ ከአዘጋጁ የግል አስተያየት የሚለይ የሥነ ምግባር ደንብ ማውጣት፣ በስሕተት የተነገረ ነገር በየትኛው ክፍል እንዴት እንደሚታረም መወሰን፣ የአባላትን ሥራ በአንድ ማውጫ አሰባስቦ ቅጂውን ለቤተ መጻሕፍት ማስረከብ ከማኅበር በቀር ማን ይሠራዋል? ታላላቆቹ ኩባንያዎች ይህን እንዲያደርጉ መጠበቅ ከንቱ ነው፤ በየሩብ ዓመቱ የሚያዩት የራሳቸውን ሒሳብ እንጂ የአንድን ቋንቋ መዝገብ አይደለም።

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፤

ወጋየሁ ንጋቱ ዛሬ በሕይወት የለም፤ ድምፁ ግን ይሰማል። የሚሰማውም በዘመኑ ቴፑን በጥንቃቄ ያኖረው፣ በኋላም ከቴፕ ወደ ቴፕ የገለበጠው ስሙ ያልተነገረለት ሰው በመኖሩ ነው። ዛሬ በየማይክሮፎኑ ፊት ከሚቀረጹት እናቶችና አባቶች መካከል ሁለተኛ የማይጠየቁ ብዙዎች አሉ። እነርሱ ቃላቸውን ለአዘጋጁ አምነው ሰጥተዋል። ያ ቃል ከሠላሳ ዓመት በኋላ ይገኝ ወይም አይገኝ እንደሆነ የሚወስነው የተመልካቹ ብዛት አይሆንም፤ ዛሬ ማታ ቀረጻው ሲያበቃ ፋይሉ የት እንደ ተቀመጠና አድራሻው በማን ስም እንደ ተጻፈ ነው።